አንድ ያለበት ቀን

«ዛሬ ጠዋት በዚህ በእጄ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ብዬ ጽፌ በሱቅህ በር ሥር አስገባሁ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሆነ?»

«ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ፤ ውስጥ ሰዎች አሉ።»

«ይስሙኝ። እኔ ስሰማ ማን ቀነስ አደረገልኝ?»

የማገገሚያ ቤቱ መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ ነው። እሷ እርጥብ ጃንጥላዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጀርባዋን ለመውጫው ሰጥታ ቆማለች። ከጃንጥላው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ ሲሚንቶው ላይ ትንሽ ኩሬ ሠርቷል። እሱ ደግሞ ጀርባውን ለክፍሉ በር ሰጥቶ አንድ እጁን እጀታው ላይ አሳርፏል። ለሚያየው ሰው እንዳትገባ የሚከለክላት ይመስላል። እውነትም እየከለከላት ነበር።

የመጣችው የምሥራች ይዛ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ስሙ እንዲነሳባት የማትፈልገው እናቷ፣ በዚያን ዕለት ጠዋት ከመሬት ተነስታ «እስቲ እሁድ ለምሳ ይምጣ» ብላ ነበር። መምህርቷ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ አስተምራ እንደጨረሰች የጠመኔውን ብናኝ እንኳ ከእጅጌዋ ሳታራግፍ በዝናብ መጣች። በሩን ገርበብ አድርጋ አንገቷን ስታስገባ፣ ዘጠኝ የላስቲክ ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል፤ ተራው የእሱ ነበር። እሷን ሳያያት፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «አንድ» አለ።

በዚያ ቤት «አንድ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ሰው የሚቆጥረው ያለ መጠጥ ያደረበትን ቀን ነው። አንድ የሚል ሰው ትናንት ወይም ከትናንት ወዲያ ጠጥቷል።

«አልጠጣሁም» አላት።

«እንግዲያው አንድ ምንድን ነው?»

 ሊነግራት የሚችለው ነገር ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነበር። ያ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ግን የእሱ አልነበረም።

«ልነግርሽ አልችልም» አለ።

«አባቴም አልጠጣሁም ይል ነበር» አለች መምህርቷ። ቁጣው ከድምፅዋ ወጥቶ በቦታው ድካም ገብቶ ነበር። «ብርጭቆው እጁ ላይ እያለ። ብርጭቆውን እያየሁት እኔ ነበርኩ የማፍረው።» ቀና ብላ አየችው። «ማንን ነው የምትሸፍነው?»

ወደ እውነቱ ይህን ያህል ቀርባ ነበር። መልስ ለመስጠት ግን ዘገየ፤ መዘግየቱን ደግሞ እሷ እንደ ውሸት ቆጠረችው።

«ይኼም የአባቴ ዘዴ ነው» አለች። «ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር። ጓደኛው ነው፣ አለቃው ነው፣ የጠረጴዛው እግር ነው።» ፈገግታ የመሰለ ነገር ከንፈሯ ላይ መጥቶ ጠፋ። «ከወደቅሁ ከእኔ አፍ ትሰሚዋለሽ ብለኸኝ ነበር። ከአፍህማ ሰማሁት። በር ላይ ቆሜ፣ እንደ ሌባ።»

«እመኚኝ።»

«የሰው በር ሁሉ ትከፍታለህ። ያንተን አፍ የሚከፍት ቁልፍ ግን ጠፋ።» ጃንጥላዋን ዘረጋች፤ ገና በረንዳው ላይ እንኳ ሳትደርስ። «እሁድ እናቴ ቤት ምሳ አለ። መጥተህ በሁሉም ፊት ቁጥርህን ተናገር። ስድስት መቶም ይሁን፣ አንድም ይሁን። ካልመጣህ ግን…»

አልጨረሰችውም። ጃንጥላው ለመተላለፊያው ሰፍቶ ግድግዳውን እየፋቀ ወጣ። እሱ ኩሬዋን እያየ ቀረ። እግሩን አንስቶ ሊረግጣት አልደፈረም፤ ከእሷ የቀረው ያ ብቻ መሰለው።

*

በዚያ ቤት ማንም በስሙ አይጠራም። እሱ «ቁልፌ» ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከአንድ በር የማትበልጥ ሱቁ ውስጥ ቁልፍ ይቀርጻልና። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት ደግሞ እዚህ በአቻ ደጋፊነት ይሠራል። ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ለማስረዳት ይቸግረዋል። የቤቱ ኃላፊ ነርስ፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚሏት፣ አንድ ቀን አሳጥራ ነግራዋለች፦ «ሐኪሙ መድኃኒት ይሰጣል፤ እኔ ደንብ እሰጣለሁ፤ አንተ አጠገባቸው ትቀመጣለህ።» መቀመጥ ነው። መድኃኒት ቤት ድረስ አብሮ መሄድ ነው። መጠጥ ቤት ያለበትን መንገድ ትቶ በጭቃው መንገድ አብሮ መዞር ነው። ጉድጓድ ውስጥ ለወደቀ ሰው ገመድ የሚወረውርለት ብዙ ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫ ድንጋይ የት የት እንዳለ የሚያውቅ ግን እዚያ የነበረ ብቻ ነው።

ወደ ክፍሉ ሲመለስ ሌሎቹ በጓሮ በር ሄደው አባባ ሺህ ብቻቸውን ወንበሮቹን እየደራረቡ ነበር። ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው፤ ሺህ ቀን ካለፉ ወዲህ መቁጠር ትተው «ሺህና ምናምን» ይላሉ።

«ሄደች?» አሉት።

«ሄደች።»

«ልትነግራት ነው?»

ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። ሽማግሌው ወንበሩን መሬት አስቀመጡ። «እኔ ባቡር ስነዳ አንድ ነገር ተምሬአለሁ» አሉ። «ሐዲዱ ላይ የቆመ ሰው ስታይ ጡሩንባ ትነፋለህ። አንተ ደግሞ አንተው ሐዲዱ ላይ ቆመህ አንተው ባቡሩን ትነዳለህ።» ሊያስቁት ፈልገው ነበር፤ አልሳቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክቡ ውስጥ ከቃላት ሁሉ የሚከብደው «አንድ» ነው። ዘጠና ቀን ደርሶ የተጨበጨበለት ሰው ሲወድቅ፣ ተመልሶ መጥቶ ባጨበጨቡለት ፊት «አንድ» ማለት አለበት። ስንቱ በዚያች ቃል ምክንያት ሳይመለስ ቀርቷል። ስለዚህ አባባ ሺህ ገና አዲስ በነበሩበት ዘመን አንድ ልማድ ተጀመረ። ወድቆ የተመለሰ ሰው ባለበት ዕለት፣ ከጎኑ የሚቀመጠው ደጋፊ የራሱን ቁጥር ትቶ ቀድሞ «አንድ» ይላል፤ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ሳያፍር። ከዚያ ያኛው ቀጥሎ «አንድ» ሲል ቃሉ በሁለት ትከሻ ላይ ያርፋል። ማንም አይስቅም፤ ማንም አይጠይቅም። በማግሥቱ ደጋፊው ወደ ገዛ ቁጥሩ ይመለሳል። ይህ በሲስተር የደንብ ወረቀት ላይ አልተጻፈም፤ ከክቡ ውጪም የሚያውቀው የለም።

በዚያ ረቡዕ ከቁልፍ ሠሪው በስተግራ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ቡናማ ባለ ዳማ ኮት ለብሶ የተቀመጠው የመምህርቷ ወንድም ነበር።

ኮቱን የገዛችለት እሷ ናት፤ ሹመት ያገኘ ጊዜ። ያንን ጀርባ በሩን ስትከፍት አይታዋለች፤ ጆሮዋ ግን ዓይኗን ቀደመ። «አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው ስል ነው» ቢላት፣ ዓይኗ ወደ ኋላ ተመልሶ ያየውን ያየዋል። ከእንግዲህ ማን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም ነበር።

ወንድሟ የድልድይ መሐንዲስ ነው። አባታቸው መጠጥ ገድሎት ሲሞት እሷን በአባት ቦታ ያሳደጋት እሱ ነው፤ «ጋሼ» ስትለው ድምፅዋ ውስጥ የማይወድቅ ግድግዳ አለ። እናትየው ደግሞ ልጄ ጠርሙስ እንኳ በእጁ አይነካም ብላ ትምልበታለች። ከሁለት ወር በፊት ወደ ማገገሚያ ቤቱ የመጣው እህቱን ሊያገባ ስለሚፈልገው ሰው ሊያጣራ ነበር። አንድ ቀን መጣ፣ ጠየቀ፣ ሄደ። ሁለተኛ መጣ። ሦስተኛው ቀን ሊያጣራ የመጣበትን ረስቶ ወንበር ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። አርባ አንድ ቀን ደርሶ ነበር፤ ሰኞ ዕለት ወደቀ።

ደግሞም ቁልፍ ሠሪው የዘጠነኛውን ወንበር ታሪክ ያውቃል። ከእሱ በፊት የነበረው ደጋፊ፣ በደግነት፣ ለአንድ የመጋዘን ጠባቂ ሚስት «አይዞሽ፣ እኛ ጋ ይመጣል» ብሎ ነገራት። ጠባቂው በማግሥቱ ባርኔጣውን ከወንበሩ ላይ አንስቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በሕይወት ያየው የለም። ሲስተር ወንበሩ ባዶውንም ቢሆን ከክቡ እንዳይወጣ አዝዛለች። ክብ ውስጥ የተባለ ነገር፣ ሆድ ይፍጀው።

ሆድ ግን ሁሉን አይፈጅም። በዚያ ቀን መንገዱን ሁሉ፣ ያላለውን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ለራሱ እየደጋገመ ቤቱ ገባ።

*

የተዋወቁት በቁምሣጥን ምክንያት ነው። የአባቷ ቁምሣጥን ከሞቱ ወዲህ ተቆልፎ ቁልፉ ጠፍቶ ነበር፤ እናትየው «ወረቀቶቹ ይወጡልኝ» ብላ ቁልፍ ሠሪ አስጠራች። በሁለት ሽቦ ሲታገል ቆይቶ መዝጊያው ጣት ያህል ከፈት ሲል ሽታው ወጣ። ያንን ሽታ ከሺህ ሽታ መካከል ይለየዋል። መልሶ ገፋ አደረገውና፣ «ተከፍቷል፤ ብቻችሁን ስትሆኑ እዩት» ብሎ መሣሪያውን ሰበሰበ። ውስጥ የተደበቁትን ባዶ ጠርሙሶች ሳያያቸው አወቃቸው። እናትየው ይህን አልረሳችበትም፤ ገመናዋን ከሽታው አውቆታልና።

ልጅቷ እስከ በር ሸኘችው። ውስጡ ያለውን እንዴት እንዳወቀ ጠየቀችው። «እኔም ቤት እንዲህ ያለ ቁምሣጥን ነበር» አላት። «ዛሬ ሦስት መቶ ሃያ ቀኔ ነው።»

በማግሥቱ የሱቁን ቆርቆሮ በር ወደ ላይ ሲገፋ፣ ከመሬቱ ላይ ከሒሳብ ደብተር የተቀደደች ባለ ካሬ ወረቀት አገኘ። 321 ይላል። ሌላ ቃል የለበትም። ከዚያ ወዲህ ወደ ትምህርት ቤት ስታልፍ፣ እሱ ገና ሳይመጣ፣ የዕለቱን ቁጥር እየጻፈች በበሩ ሥር ታስገባለች። እሱ ደግሞ እያነሳ በአሮጌ የጓጉንቸር ቁልፍ ማሸጊያ ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣል። ሌሎች ሴቶች ለፍቅረኞቻቸው አበባ የተሳለበት ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ እሷ በቀይ እስክሪብቶ ሦስት አኃዝ ትጽፋለች። እሱ ግን እነዚያን ሦስት አኃዞች ሲያነብ የሚሰማውን ለማንም ነግሮ አያውቅም። ገና ቀኑን ሳይኖረው፣ አንድ ሰው ትኖረዋለህ ብሎ አምኖለታል።

ሐሙስ ወረቀት አልነበረም። በሩን እንደገና አውርዶ እንደገና ገፋው። ነፋስ ወስዷት እንደሆነ ብሎ ከመቅረጫ ማሽኑ ሥር ጎንበስ ብሎ አየ። የብረት ብናኝ ብቻ ነበር። ዓርብም አልነበረም።

ዓርብ ረፋዱ ላይ መሐንዲሱ ሱቁ መጣ። የቤታቸውን የውጭ በር ቁልፍ አስቀምጦ «አንድ ተመሳሳይ ቅረጽልኝ» አለ፤ አላፊ አግዳሚ እንዳይጠረጥር ያመጣው ሰበብ ነበር። ማሽኑ መጮህ ሲጀምር፣ በጩኸቱ ተሸፍኖ፣ «ሦስት» አለ።

«ስድስት መቶ አሥራ አራት» አለ ቁልፍ ሠሪው፣ ዓይኑን ከብረቱ ሳያነሳ።

ክቡ ውስጥ ሁሉም አንተ ነው። ከክቡ ውጪ መሐንዲሱ እርስዎ የሚባል ሰው ነው፤ ሱቋ ግን ከክቡ ውስጥ ትቆጠር ከውጪ፣ ሁለቱም አላወቁም። ለጊዜው አንተ ተባባሉ።

መሐንዲሱ እህቱ ከረቡዕ ጀምሮ እህል በአፏ እንዳልዞረ፣ የክፍሏ ግድግዳ ከክፍሉ ጋር አንድ ስለሆነ ስታለቅስ እንደሚሰማት ነገረው። ትራስ አፏ ላይ አድርጋ ነው የምታለቅሰው፤ እንዲህ ማልቀስ የተማረችው በልጅነቷ፣ አባታቸው ሲገባ እንዳይሰማት ነው። መሐንዲሱ ይህን ሲናገር የማሽኑን ጠርዝ ይዞ ነበር።

«አልነገርካትም» አለ።

«አልነገርኳትም።»

«እሁድ እኔ እነግራታለሁ። ከእኔ ነው መስማት ያለባት። ካንተ ከሰማች… በቀጣዩ ሰኞ እዚያ ወንበር ላይ የምቀመጥ አይመስለኝም። እውነቴን ነው።»

«ካልቻልክስ?»

መሐንዲሱ የሳቀ መሰለ። «እኔ ድልድይ ነው የምሠራው። ድልድይ የሚሠራ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ያቅተዋል?»

የራሱን ቁልፍ ይዞ ሄደ፤ የተቀረጸውን ግን ማሽኑ ላይ ረሳው። ቁልፍ ሠሪው የቁልፉን ጥርስ በሞረድ አለስልሶ ብናኙን እፍ አለና ኪሱ ከተተው። ለሁለት ቀን የቤቷ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር። እጁን በሰደደ ቁጥር ይነካዋል፤ ሞቆ ያገኘዋል፤ ያንን ሙቀት ተስፋ ነው ብሎ ራሱን አታለለ።

*

እሁድ በሩን የከፈተችው እናትየዋ ነበረች። ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ በእጁ የያዘውን የኬክ ካርቶን ተቀበለችና የልብስ መስቀያው ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ፣ ሳትከፍተው፣ አስቀመጠችው።

«ደህና መጣህ። እንግዲህ ከመጣህ አይቀር ይኼን በር እይልኝ። ሲጢጥ ሲል ጆሮአችንን በላው።»

አንድ ያለውን ደህና ሱሪ ለብሶ ነበር። ተንበረከከ። ከቦርሳው ጠብታ ዘይት አውጥቶ ማጠፊያዎቹን አንድ በአንድ አጠጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ፣ ድምፁ እስኪጠፋ። መምህርቷ ከወጥ ቤት ስትወጣ እንደዚያ ተንበርክኮ አገኘችው። ቆመች። ለቅጽበት ዓይኗ ውስጥ የቀድሞዋ ሴት ታየችው፤ እናቷን ልትገሥጽ፣ ክንዱን ይዛ ልታነሳው የምትችለዋ። ከዚያ ረቡዕን ሳታስታውስ አልቀረችም፣ ሳህኖቹን ይዛ አለፈች።

ገበታው ላይ አምስት ነበሩ። በአባትየው ወንበር መሐንዲሱ ተቀምጧል። በግራው እናቱ፣ በቀኙ አክስቲቱ፤ አክስቲቱ ዝምታ የማትችል፣ ልቧ የማይከፋ ሴት ናት። ሾርባው ሲቀዳ፣ ቁልፍ ሠሪ ማግባት መልካም ነው፣ ቢያንስ ደጅ አያሳድርም አለች። እናትየዋ አልሳቀችም። አክስቲቱ በዚህ ሳትበገር ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ጎረቤታቸው ውሻ፣ ስለ ዝናቡ አወራች። ቁልፍ ሠሪው እየመለሰ፣ ዓይኑ ግን መሐንዲሱ ላይ ነበር። መሐንዲሱ የውሃ ብርጭቆውን ሊያነሳ ሞከረ፤ ውሃው ሲንቀጠቀጥ አየና መልሶ አስቀመጠው፤ እጁን ከጠረጴዛው በታች ደበቀ። በዚያ ገበታ ላይ ያ መንቀጥቀጥ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሌላ ሰው መኖር ነበረበት፤ እናትና ልጅ ስንት ዓመት አብረውት ኖረዋል። ግን ሰው የሚያየው የሚፈራውን በሚጠብቅበት ቦታ ነው። የእነሱ ዓይን እንግዳው እጅ ላይ ነበር። የእንግዳው እጅ አልተንቀጠቀጠም።

መምህርቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ቁጥርህን ንገረን» አለችው።

«የምን ቁጥር?» አለች እናትየው።

«እሱ ያውቀዋል። ሳይጠጣ ያደረበትን ቀን ይቆጥራል። ረቡዕ ዕለት ስሰማ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት የነበረው አንድ ሆኗል። ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል።» የመጨረሻዋን ቃል ስትናገር ድምፅዋ ወደ ልመና ተጠጋ። «ብሳሳት ደስ ይለኛል።»

ቁልፍ ሠሪው ወደ መሐንዲሱ ቀና አለ። መሐንዲሱም አየው። ከንፈሩ ሲላቀቅ፣ ደረቱ አየር ሲሞላ፣ ቃሉ ከሆዱ ተነስቶ ሲመጣ ቁልፍ ሠሪው በዓይኑ ተከተለው። በል፣ አለ በልቡ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

«ጨው» አለ መሐንዲሱ። «ጨውን… አቀብሉኝ እስቲ።»

አክስቲቱ አቀበለችው። ሾርባው ላይ ነሰነሰ፤ እንደገና ነሰነሰ፤ ማንኪያውን ግን አላነሳም። አንገቱን ደፍቶ ቀረ።

ቁልፍ ሠሪው እንዲህ ያለ ፊት ያውቃል። የገዛ ፊቱ ነበር፣ ከስድስት መቶ አሥራ ስድስት ቀን በፊት። አሁን በዚህ ገበታ፣ በእናቱ ፊት፣ በአባቱ ወንበር ላይ እያለ ቢገለጥ ይህ ሰው ዛሬ ሳይመሽ የት እንደሚገኝ ያውቃል። ከዚያ ክቡ ውስጥ ባዶ ወንበሩ ሁለት ይሆናል። በሌላው ወገን ደግሞ እሷ ተቀምጣለች፤ ሁለት እጇ ጠረጴዛው ላይ፣ መዳፎቿ ወደ ላይ። ሰው የሆነ ነገር ሊሰጠው ሲጠብቅ እንደዚያ ነው የሚቀመጠው።

«ረቡዕ ዕለት ቁጥሬ አንድ ነበር» አለ።

እናትየዋ ትንፋሿን አወጣች፤ ያዘነችም የተገላገለችም ይመስል ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ እያላችሁ ስትስቁብኝ ከረማችሁ፣ ይኸው ልጥ አልነበረም፣ እባቡ ራሱ ነው አለች። 

መምህርቷ አላለቀሰችም። ከሹራብ ኪሷ አራት ባለ ካሬ ወረቀት አውጥታ፣ አንድ በአንድ፣ ሳህኑ አጠገብ ደረደረችለት። 613። 614። 615። 616።

«በየጠዋቱ ጽፌያለሁ» አለች። «በርህ ድረስ እየመጣሁ ተመልሻለሁ። ዛሬ ልትለኝ የምትችለውን ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩ። ትቆጣለህ ብዬ አሰብኩ፣ ትክዳለህ ብዬ አሰብኩ፣ ሳትመጣ ትቀራለህ ብዬ አሰብኩ። እውነት ነው ትለኛለህ ብዬ ግን አላሰብኩም።»

«መምህርት» አላት። ሲያቆላምጣት የሚጠራት እንደዚያ ነበር።

«መጠጡን ይቅር እልህ ነበር» አለች። «በእናቴ ስም እምልልሃለሁ፣ ከአንድ ጀምሬ እንደገና እጽፍልህ ነበር። ሁለት ብዬ፣ ሦስት ብዬ። ረቡዕ መተላለፊያው ላይ ይቺን ብትለኝ ኖሮ ሐሙስ ጠዋት በርህ ሥር ሁለት የሚል ወረቀት ታገኝ ነበር። ዓይኔን እያየህ አልጠጣሁም አልከኝ። እሱን ግን አልችልም። እሱን አንድ ጊዜ በሕይወቴ ችየዋለሁ፤ አለቀብኝ።»

ተነስታ ወደ ወጥ ቤት ገባች። በሩ ሳይዘጋ ማልቀሷ ተሰማ፤ በዚህ ጊዜ ትራስ አልነበራትም። እናትየዋ ተከተለቻት፤ አክስቲቱም ናፕኪኗን እንደያዘች ተከተለች።

ሁለቱ ወንዶች ብቻቸውን ቀሩ። በረዥሙ ጠረጴዛ ላይ ሾርባው ቀዝቅዞ ከላዩ የስብ ቆዳ ሠርቷል። ከወጥ ቤቱ የእናትየዋ ድምፅ ይሰማል፤ አልነገርኩሽም ወይ፣ አልነገርኩሽም ወይ ትላለች፣ እንደ ሕፃን ማባበያ።

«አምስት» አለ መሐንዲሱ፣ አንገቱን እንደደፋ። ድምፁ ከጉሮሮው ሳይሆን ከሥር ከወለሉ የመጣ ይመስል ነበር።

ቁልፍ ሠሪው ሊጠላው ፈለገ። ፈለገና አቃተው፤ እጁ ከጠረጴዛው በታች ሲንቀጠቀጥ የጠረጴዛው ጨርቅ አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ነገ ጠዋት ስድስት ይበሉ» አለው። እዚህ እርስዎ ማለት ነበረበት። «ከሰዓት ወንበርዎ ላይ እጠብቅዎታለሁ።»

«ለምን?» አለ መሐንዲሱ። «ለምን እንዲህ አደረግህ?»

«አንድ ብቻውን አይባልም» አለ።

አራቱን ወረቀቶች ሰበሰበ። የእሱ ነበሩ፤ አራቱንም ቀን አንድም ሳያጎድል ኖሯቸዋል። አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተና ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። መሐንዲሱ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ነበር፤ አላየውም።

በመውጫው በር አጠገብ፣ መስቀያው ላይ፣ ባለ ዳማው ኮት ተሰቅሏል። ጀርባው ወደ ውጭ ዞሯል፤ ትከሻው ላይ የዝናብ እርጥበት አልደረቀም። ከወጥ ቤት ፊቱን ታጥቦ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ ልክ ረቡዕ ዕለት በክቡ ክፍል በር አንገቱን እንዳስገባ ሰው፣ ከዚያው ርቀት፣ ያንኑ ጀርባ። ቁልፍ ሠሪው ቆመ። ምንም ማለት አይጠበቅበትም ነበር። ማንንም አላሳጣም። እንዳለ ትቶት ቢሄድ ዓይኗ የራሱን ሥራ ይሠራ ይሆናል።

ከወጥ ቤት ልቅሶው ቀስ በቀስ ወደ ሳግ እየወረደ ነበር። ልትወጣ ነው።

እጁን ኪሱ ሰደደ። ሞቆ የነበረውን ቁልፍ አወጣና በኮቱ ኪስ ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ ከጎኑ ያለውን የእናትየዋን ጥቁር የዝናብ ካፖርት አንስቶ በላዩ ላይ ሰቀለው፤ የዳማው ጠርዝ እንዳይታይ ከትከሻው ሳብ ሳብ አድርጎ አስተካከለው።

«እስቲ አንድ ሰው ይንገረኝ» ስትል ተሰማች አክስቲቱ ከውስጥ፣ «ሾርባውን ላሙቀው ወይስ ይብቃን?»

በሩን ከፍቶ ወጣና መልሶ ዘጋው። ዘይት ጠጥቶ ስለነበር ሲጢጥ አላለም።